ጥይት በአሞራ

ዘመድም ጎረቤትም «ፍሬን» ነው የሚላት። መኪና መንዳት ታስተምራለች። የማስተማሪያዋ መኪና በእሷም በኩል አንድ ትርፍ የፍሬን ፔዳል አላት፤ ተማሪው ተደናግጦ መሪው ላይ ሲንጠለጠል ቀኝ እግሯን ቀስ አድርጋ ታሳርፍበታለች፤ መኪናዋም ቀጥ ትላለች። ልማዱ እግሯ ላይ ስለ ቀረ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ስታይ እንኳ አደጋ የመጣ ሲመስላት ወለሉን ትረግጣለች። ባሏ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅባት ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

በራሷ የምትተማመን ሴት ናት። ተማሪዎቿ ለፈተና ሲቀርቡ «ታልፋላችሁ» አትልም። «አልፋችኋል፤ ለፈታኙ ማሳየት ብቻ ነው የቀራችሁ» ነው የምትለው። ብዙ ጊዜም እንዳለችው ይሆናል።

ይቺ ሴት ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆነች ሁለት ዓመት አልፏታል። ልታገባ በተቃረበችበት ሰሞን፣ ቤተሰቡ ሁሉ ለምሳ በተሰበሰበበት፣ ጋሼ የምትለው ይህ ወንድሟ ሹካውን አስቀመጠና «ይህ ሰውዬ ቄጤማ ነው። ነፋሱ ወደ ነፈሰበት ነው የሚያጎነብሰው። ላንቺ አይሆንም» አለ። ሙሽራው እዚያው ነበር፤ ጨው አቀብል ተብሎ ጨው እያቀበለ። ፍሬን ፊቷ በርበሬ መስሎ ተነሣችና «እንግዲያው ሠርጌ ላይ ዓይንህን እንዳላየው» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ጋሼ ሠርጉ ላይ አልተገኘም። እሷ «ቀረ» ብላ ተቀየመች፣ እሱ «አትምጣ አለችኝ» ብሎ ተቀየመ። በዘመድ ቤት ሲገናኙ አንዱ ሳሎን ከተቀመጠ ሌላው ወጥ ቤት ይቆማል።

ጋሼ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከፎቅ ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አንደበቱ ግን አንዴ ከወጣ አይወርድም። ይቅርታ ማለት አልፈጠረበትም።

ነገሩን የነካካችው የመጨረሻዋ እህታቸው ናት። ነርስ ናት፤ ቤተሰቡ «ጭራ» ይላታል። የቅርጫት ኳስ ፍቅር ያሳበዳት ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም ቤቷ ጠራችና «ዘንድሮ ፋንታሲ እንጫወታለን» አለች።

አክስታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ምንድን ነው እሱ? ሩጫ ካለበት መጀመሪያ ጉልበቴን አስፈቅጂ።»

«አክስቴ፣ እርስዎ አይሮጡም። ሌላ ሰው ይሮጥልዎታል። በቴሌቪዥን ከምናየው ከትልቁ ሊግ ተጫዋቾችን ተራ በተራ እንመርጣለን፤ አንዱ የወሰደውን ሌላው አይወስድም። እነሱ ሜዳ ላይ ሲያገቡ፣ ሲያቀብሉ፣ ከቅርጫቱ ተመልሶ የመጣ ኳስ ሲይዙ፣ ለእርስዎ እዚህ ስልክዎ ላይ ነጥብ ይቆጠርልዎታል። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነን እንጋጠማለን። ብዙ ነጥብ የሰበሰበ አሸነፈ።»

«ሰው ሮጦ እኔ የማሸንፍበት ነገር ከነበረ እስከ ዛሬ የት ደብቀሽብኝ ነው?» አሉ አክስት፣ ወንበራቸውን እያስጠጉ።

ፍሬን፣ ባሏ፣ አክስት፣ ጭራና ጭራ ከሥራ ቦታዋ ያመጣቻቸው ሦስት ነርሶች ሰባት ሆኑ። ፍሬን «ስምንተኛው ማነው?» ብላ ሳትጨርስ ጭራ ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው።

«አለሁ» አለ ስልኩ። የጋሼ ድምፅ ነው።

ፍሬን ቁልፏን አንሥታ ብድግ አለች። ባሏ እጇን ያዘና በጆሮዋ «መኪና መንገድ ላይ ጥሎ የሚወርድ ሾፌር ነሽ እንዴ?» አላት። ቆማ አሰበችና ተቀመጠች። ጭራን ግን ገላመጠቻት፤ ጭራም ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

የተጫዋቾቹ ስም ለአፍ አስቸጋሪ ስለሆነ አክስት ለእያንዳንዱ ቅጽል ስም ያወጡ ጀመር፤ ስሞቹም ዓመቱን ሙሉ ጸኑ። ፍሬን ተራዋ ሲደርስ መጀመሪያ ቁመቱ የሕንፃ መሥሪያ ማሽን የሚያህለውን «ክሬኑን» ወሰደች። እስከዚህ ማንም አልተቃወማትም። ቀጥላ ግን ሁሉም የዘለለውን አጭር ልጅ፣ ጥይትን፣ ጠራች። ከዚያ ጡረታው ደርሷል የሚባለውን ሽማግሌውን ስትጨምር ሳቁ ቤቱን ሞላው።

«ሳቁ» አለች። «ኳሱንማ ማንም ያያል። እኔ የማየው እግር ነው። ከመዞሩ በፊት የሚያይ፣ ከመጋጨቱ በፊት የሚቆም ሰው ዓመቱን ይጨርሳል።»

ከስልኩ ውስጥ አጭር ሳቅ ተሰማ። ማንም እንዳልሰማ ሆነ፤ ሁሉም ግን ሰምቷል።

ለቡድኗ «ሁለተኛ ፍሬን» የሚል ስም አወጣች። የጋሼ ቡድን «ላይኛው ፎቅ» ተባለ። ተጫዋች በመልኩ የሚመርጡት አክስት የእሳቸውን «ቆንጆዎቹ» አሉት። የፍሬን ባል ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነውና ቡድኑን «መንጋጋ» አለው። ስሙ ቢያስፈራም ዓመቱን ሙሉ ከመጨረሻው ቦታ ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛ ፍሬን መጀመሪያ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ተሸነፈ። በሦስተኛው የረመረሙት ቆንጆዎቹ ነበሩ። አክስት ደውለው «ልጄ፣ ዓለም የመልከ መልካሞች ናት። ቀድሜ ነግሬሻለሁ» አሏት። ጭራ ደግሞ ሽማግሌውን አባርራ ወጣት እንድታመጣ ወተወተቻት።

ፍሬን ግን አልተርበተበተችም። «መኪና ተንቀጠቀጠች ተብላ ገደል አትሰደድም። የትኛው ጎማ እንደላላ ወርደሽ ታያለሽ» አለች። ወርዳም አየች። ተጫዋቾቿ ደካማ አልነበሩም። የአንዱ ቡድን በሳምንት አራት ጊዜ ሲጫወት የሌላው ሁለት ጊዜ ብቻ ይጫወታል፤ እሷም ሥራ ፈቶቹን አሰልፋ የሚለፉትን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ታስቀምጣቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሰው ከማሰለፏ በፊት የጨዋታውን መርሐ ግብር ማየት ጀመረች። በቀጣዩ ሳምንት አሸነፈች። በሚቀጥለውም። ጥይት በረጃጅሞቹ እግር መሀል እየሾለከ ሲያገባ፣ ሽማግሌው ሳይዘል ቦታ ይዞ ብቻ ኳስ ሲሰበስብ፣ የሳቁባት ሁሉ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ከሰንጠረዡ አናት ላይ የተቀመጠው ላይኛው ፎቅ ነበር።

አንድ ቀን ፍሬን አንዲት ተማሪዋን በሁለት ዘንጎች መሀል ወደ ኋላ ማቆም እያስተማረች ስልኳ ጮኸ። «ላይኛው ፎቅ የተጫዋች ልውውጥ ጠይቋል» ይላል። ጋሼ ጥይትን ይፈልጋል፤ በምትኩ ስሙ የገነነ ግን ከሜዳ ይልቅ ሐኪም ቤት የሚታይ አንድ ተጫዋች ይሰጣል። ፍሬን አነበበች፣ ደገመች፣ ደሟ ፈላ። ሳታስበው ጣቷ ጻፈ። «ጋሼ፣ ይህ ልውውጥ ሳይሆን ዘረፋ ነው።»

ከላከችው በኋላ ነው ለሁለት ዓመት ያላናገረችውን ሰው እንዳናገረችው የገባት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ዘራፊ ካልሽኝ ዋጋውን አንቺው ጥሪያ።»

«መምህርት፣ ዘንጉን ልንካው ነው?» አለች ተማሪዋ።

«ነክተሽዋል» አለች ፍሬን፣ ፈገግታዋን መመለስ እያቃታት።

ክርክሩ በዚህ ተጀመረ። ጋሼ ይጠይቃል፣ እሷ እምቢ ትላለች፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ «በሕልምሽ» ይላል። እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነህ የሚባል ነገር የለም። ወሬው ሁሉ ጥይት፣ ጥይት፣ ጥይት ነው። አንድ ጠዋት ባሏ እሷ ስልኳን እያየች ብቻዋን ስትስቅ አገኛትና «ማነው?» አላት። «አንድ ሌባ» አለችው። እሱም ማን እንደሆነ ገባው፤ ዳቦውን አስጠጋላት።

ወደ ዓመቱ መጨረሻ፣ ከስምንቱ አራቱ ብቻ ለዋንጫ በሚያልፉበት ሰዓት፣ ክሬኑ ዘሎ ሲወርድ የሌላ ሰው እግር ላይ አረፈና ቁርጭምጭሚቱ ተጠመዘዘ። የውድድር ዓመቱ ለእሱ አበቃ። አክስት ደውለው «ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው፤ መልኩ ባያምርም ጥሩ ልጅ ነበር» ብለው አጽናኗት።

ያለ ረጅም ሰው ደግሞ የትም አይደረስም። ጋሼ ሁለት ረጃጅሞች አሉት፤ አንደኛው ክንዱን ሲዘረጋ ግማሽ ሜዳ የሚሸፍነው አሞራ ነው። በማግሥቱ ከላይኛው ፎቅ መልእክት መጣ። ጋሼ አሞራን ይሰጣታል፤ በምትኩ የሚፈልገው ዓመቱን ሙሉ ከወንበር ያልተነሣ አንድ ተጠባባቂዋን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። ፍሬን ግን መኪናዋን ዳር አቁማ ደወለች።

«ሄሎ» አለ ጋሼ። ድምፁ እንደ ጉድጓድ ያስተጋባል።

«የት ነህ?»

«አሳንሰር ጣሪያ ላይ። ስድስተኛና ሰባተኛ ፎቅ መሀል።»

«አሞራን በማይረባ ሰው ልትሰጠኝ የፈለግኸው ለምንድን ነው?»

«ክሬኑ ተሰበረብሽ አይደል?»

«ክሬኑ ተሰበረ እንጂ እኔ ተሰበርኩ አልኩህ? ለሠርጌ ያልመጣህ ሰውዬ ለሰው ቁርጭምጭሚት ማዘን ከመቼ ወዲህ ጀመርክ?»

ጋሼ መፍቻውን ብረቱ ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ። «አትምጣ ብለሽኝ ነው» አለ።

«ብዬሃለሁ። ግን ጋሼ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የነገርኩህን ሰምተህ ታውቃለህ? ለምን ያን ቀን ብቻ ታዛዥ ሆንክ?»

ጋሼ ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ግን ዋጠው። እሷም ፋታ ሳትሰጠው ቀጠለች። «ስማ። አሞራን እፈልገዋለሁ። በነፃ ግን አልወስደውም። የምትፈልገው ጥይትን ነው፤ እሑድ ቤቴ መጥተህ ተደራደር። ከእኔ ጋር ሳይሆን ከባለቤቴ ጋር ነው የምትደራደረው።»

«ከእሱ? የእሱ ቡድን እኮ መጨረሻ ላይ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ምን አስፈራህ?» ብላ ዘጋችው። መሪውን ይዛ መኪናዋን አስነሣች። እንደሚመጣ አልተጠራጠረችም።

እሑድ ጋሼ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ቆልፎ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። በሩን የከፈተለት ባሏ ነው።

«ይግቡ» አለው።

ጋሼ የበሩን ማጠፊያ አየና «ይህ ዘይት ይፈልጋል» አለ። ሰላምታው ያው ሆነ።

ሦስቱ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ጋሼ ጉሮሮውን አጸዳ። «ያው እንግዲህ፣ አሞራን እሰጣለሁ፣ ጥይትን እወስዳለሁ።»

ለፍሬን ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ለዋንጫ የሚጋጠሙበትን ሳምንት መርሐ ግብር አይታለች፤ የጥይት ቡድን ሁለት ጊዜ ብቻ ሲጫወት የአሞራ ቡድን አራት ጊዜ ይጫወታል። ለባሏ አልነገረችውም፤ ፊቱ ምሥጢር አይዝም ብላ ፈርታ ነው። ስለዚህ በጠረጴዛው ሥር «ተቀበል» ለማለት እግሩን ረገጥ አደረገችው።

«አይሆንም» አለ ባሏ።

ጋሼ ቅንድቡን አነሣ። «ምን?»

«አሞራ ብቻውን ለጥይት አይበቃም። ጥይት ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ አላመለጠውም። የእርስዎ አሞራ በየወሩ ጀርባዬን ይላል።»

ፍሬን ጠንከር አድርጋ ረገጠችው። እግሩን ሳብ አደረገ። ጋሼ አንድ ተጠባባቂ ጨመረ፤ ባሏ ስልኩ ላይ ሰውዬውን አየና «ይህን እርስዎም አያሰልፉትም። አልቀበልም» አለ። ጋሼ ተቆጣ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ በልጅነታቸው ይህን ሲያደርግ የቤቱ ሰው ሁሉ ይሸሽ ነበር። ባሏ ግን ሥራው ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ጥርስ ሲሠራ አንድ ቦታ የፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ካለ ሰውዬው ባኘከ ቁጥር እንደሚረግመው ያውቃልና ልክ እስኪሆን ይሞርዳል፣ ይለካል፣ ይሞርዳል። ፍሬን እግሩን ፈልጋ መርገጧን ቀጠለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬኑ አልሠራ አላት።

«አሞራና ያ በዝርዝርዎ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያለው ወጣት» አለ ባሏ። «እሱን ከጨመሩ እንጨባበጣለን። ካልጨመሩ ሻይ ጠጥተን በሰላም እንለያያለን።»

ጋሼ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። «ሁለት ጊዜ እምቢ አልከኝ።»

«ሦስተኛም አለ፣ ከፈለጉ።»

«እኔ እኮ ቄጤማ ብዬህ ነበር።»

«ሰምቼዎታለሁ። ጨው እያቀበልኩ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?»

ባሏ ትከሻውን ነቀነቀ። «ያን ቀን የተናገሩት ስለ እኔ ነበር። ስለ ራሴ ሲሆን ሙግት አልወድም። ይሄ ግን የእሷ ቡድን ነው።»

ፍሬን ዓይኗ እንዳይታይባት ጎንበስ ብላ ብርቱካን መላጥ ያዘች። ጋሼ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰ፣ እጁን ዘረጋና «ወጣቱንም ውሰድ» አለ። ከተጨባበጡ በኋላ የባሏን እጅ ቶሎ አልለቀቀውም።

ሲወጣ ደግሞ ከኪሱ ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ አውጥቶ የበሩን ማጠፊያ ቀባው።

ሁለተኛ ፍሬን በሦስተኝነት አለፈ። በግማሽ ፍጻሜው ጭራን አሸነፈ፤ ጭራ ሁለት ቀን አኮረፈች፣ በሦስተኛው ረሳችው። ጋሼ ደግሞ ቆንጆዎቹን ጣለ። አክስት «ክፉ ዓይን ነው» ብለው ሽንፈቱን አልተቀበሉም። ለዋንጫው እህትና ወንድም ቀሩ።

ሳምንቱ ሲጀመር ጥይት በሁለቱም ጨዋታዎቹ እሳት ሆነ። ጋሼ በርቀት መራ። «ጥይቴ እንዴት ነው?» እያለ በየምሽቱ ይጽፍላታል። እሷ «ይመችህ» ብላ ትመልሳለች። ሐሙስ ልዩነቱ ጠበበ። ቅዳሜ ይበልጥ ጠበበ። እሑድ ከሰዓት፣ ከሁለቱም ቡድን የቀረው ተጫዋች አንድ ብቻ ነበር። እሱም አሞራ ነው።

ሁሉም ፍሬን ቤት ተሰበሰበ። አክስት ከቴሌቪዥኑ ፊት ዋናውን ወንበር ያዙ። ጋሼ ከባሏ አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሞራ ጥፋት ላይ ጥፋት ሠራና አሰልጣኙ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ጋሼ እጁን አፋተገ። «አሞራሽ ጎጆው ገባ።»

«ይወጣል» አለች ፍሬን።

«ካልወጣስ?»

«ይወጣል አልኩህ። እግሩን አላየኸውም? ፎጣውን አላደረገም፤ ተረከዙ ወለል አልነካም። ተቀምጦ እየሮጠ ነው።» ይህን ስትል የራሷ ቀኝ እግር ወለሉን እየረገጠ ነበር።

ከዕረፍት በኋላ ወጣ። ያን ከሰዓት ያየው ሰው አሞራ የተባለበትን ምክንያት አልጠየቀም። ኳሱ ከቅርጫቱ ሲነጥር ያ ረጅም ክንድ ከሁሉም እጅ በላይ ይደርሳል። ጭራ ስልኳ ላይ ልዩነቱን ጮክ ብላ ታነባለች፤ አሥር፣ ስድስት፣ ሦስት። አክስት ለማን እንደሚጮኹ ሳይታወቅ ይጮኻሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ኳስ ብረቱን መትቶ ወደ ላይ ተስፈነጠረ፤ ሦስት ሰው ዘለለ፣ አሞራ ቀለበው፣ እዚያው ከአየር ሳይወርድ መልሶ ከተተው።

«አለፈች!» አለች ጭራ። «አለፈችህ ጋሼ!»

ፍሬን እንደ ሌሎቹ አልዘለለችም። ክንዷን አጣጥፋ፣ ፈተና ያለፈ ተማሪዋን እንደምታይ፣ ስክሪኑን ብቻ በፈገግታ አየችው። ባሏ ግን ሶፋው ላይ ወጥቶ እየዘለለ ነበር።

ጋሼ ስልኩን ወዲያ ወዲህ አገላበጠ። ቀስ ብሎ ቀና አለ። «አሞራ በዚህ ሳምንት አራት ጨዋታ እንዳለው ታውቂ ነበር?»

«ጋሼ፣ መስታወት ሳላይ የዞርኩበት ቀን አለ?»

«አንተስ?» አለ ወደ ባሏ ዞሮ።

«በእውነት አላውቅም ነበር» አለ ባሏ ከሶፋው እየወረደ። «እግሬን ስትረግጠኝ እንኳ በርታ ማለቷ ነው ብዬ ነው የጨመርኩብዎት።»

ጋሼ መጀመሪያ ፍሬንን አየ፣ ቀጥሎ ባሏን አየ፤ ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አክስትም የሳቁ ምክንያት ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

እንግዶቹ ሲበተኑ ጋሼ አልተነሣም። ጭራ አክስትን ይዛ ወጣች፣ ባሏ ብርጭቆ ሰብስቦ ወጥ ቤት ገባ። ጋሼ ባዶ ግድግዳ እያየ እንደ ቀላል ነገር «የሠርጋችሁን ፎቶ እኔ እኮ አላየሁም» አለ።

ፍሬን መኝታ ቤት ገብታ አልበሙን ይዛ መጣች፣ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ጋሼ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ገለጠ። የመጀመሪያውን ገጽ ብዙ አየው። በሁለተኛው ገጽ ላይ አክስት ጭንቅላታቸውን የሚበልጥ ባርኔጣ አድርገው ቆመዋል።

«እኚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» አለ።

«እዚያ ጋ ዝም ብለህ እለፍ፤ ዋናው ከኋላ ነው» አለችና ገጹን ገለበጠችለት።